ዋንዛ ለባሹ ካቢኔት

ባለቤቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር መታጠቢያ ቤቱን ሳያስጎበኝ አይሸኝም። የእጅ መታጠቢያውን የተሸከመውን ካቢኔት በጣቱ መታ መታ እያደረገ «ንጹህ ዋንዛ ነው» ይላል። ካቢኔቱ በበኩሉ «ዶፍ ዶፍ» እያለ ይክደዋል።

እንዳይዋሽበት፣ ዋንዛ አለበት፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል። ከሥሩ ያለው 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ነው፤ እንጨት ደቅቆ፣ ከሙጫ ጋር ተለውሶ፣ በሙቀት የተጨመቀ። ላዩ ላይ በኮላ የተለጠፈውን ስስ ልባስ አናጺዎች ቬኒር ይሉታል።

ነገሩ ነውር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1922 በተገኘው የግብፁ ፈርዖን የቱታንኻሙን መቃብር ውስጥም በዞጲና በዝሆን ጥርስ የተለበጡ ሣጥኖች ነበሩ። ፈርዖኑ ግን ለእንግዳ «ንጹህ ዞጲ ነው» ማለቱ አልተጻፈም።

አናጺው አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ልባሱ በአንድ ፊት ብቻ ከተለጠፈ ሳንቃው ይቆለመማል፤ ስለዚህ ማንም የማያየው ጀርባም መልበስ አለበት። ብርጭቆ ወረቀት ከበዛበት ዋንዛው ተፍቆ ያልቃል። ጠርዙና የቧንቧው ቀዳዳ በቫርኒሽ ካልተደፈነ ደግሞ ኤምዲኤፉ ውሃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል።

«ጀርባውን ማን ያየዋል?» አለ ባለቤቱ። የቀዳዳው ቫርኒሽም ቀረ። የተረፈው ገንዘብ ለወርቅማ እጀታ ዋለ።

ዘንድሮ በሩ ተቆልምሞ አልገጥም ብሏል፤ ሥሩም አብጧል። ጉብኝቱ ግን አልተቋረጠም።

«ዋንዛ እኮ ነፍስ አለው» ይላል ባለቤቱ፤ «ይኸው፣ እያደገ ነው።»