ሁለት ፍልሰታ በአንድ ሆድ

ሃያ አንድ ቀን መጾም በሚቻልበት ደሴት ላይ ሰንብቼ አንዲት ቀን እንኳ በወጉ ሳልጾም ልመለስ ነበር። ያዳነኝ ሃይማኖቴ ነው ብል ደስ ባለኝ። ያዳነኝ ሽምብራ ነው።

አቴንስ በበጋ እንደ ምጣድ ስትግል እኔ ሲፍኖስ ወደምትባል ትንሽ ደሴት እሻገራለሁ። ከፒሬዎስ ወደብ በዘገምተኛዋ መርከብ አምስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እዚያ አንዲት ሰባውን የተሻገሩ ባልቴት ለእንግዳ የሚያከራዩዋቸው አራት ክፍሎች አሏቸው። እኔ አንሶላ አጥባለሁ፣ ሻንጣ እሸከማለሁ፤ እሳቸው ጣሪያ ላይ ያለችውን ክፍል በነጻ ይሰጡኛል፣ ያበሉኛል። ውላችን ይህ ነው።

ውሉን ግን የማከብረው እንደ አየሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሜልተሚ የሚሉት የሰሜን ንፋስ ይነሳል። ሲበረታ መርከብ ይቀራል፤ መርከብ ሲቀር እንግዳ የለም፣ ሻንጣም የለም። ደሴቱ ሲያማርር እኔ በልቤ ንፋሱን እመርቃለሁ። ያሰጣሁት አንሶላ ጎረቤት ደጅ ቢገኝም ጥፋቱ የንፋሱ ነው።

ደግሞ በግሪክ በበጋ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ተኩል ጎረቤት አይረበሽም፤ የእንቅልፍ ሰዓት ነው። ይህን ሕግ እንደኔ አጥብቆ የሚይዝ ግሪክ አላየሁም፤ እኔ ከስምንት ሰዓት ጀምሬ ነው የማከብረው። ማታ ከአምስት ሰዓት በኋላም ጸጥታ ነው ሲሉኝ ግን ቡናዬን እየወቀጥኩ «የሀገሬ ባህል ነው» እላለሁ። በአጭሩ ቀን ግሪክ ነኝ፣ ማታ ሐበሻ።

ይህን ጠባዬን ወደ ጾም ሳመጣው ነው ጉድ የፈላው።

ግሪኮች በ1924 እ.ኤ.አ. የማይዘዋወሩ በዓሎቻቸውን ወደ አዲሱ አቆጣጠር አዛወሩ፤ እኛ በባሕረ ሐሳባችን ጸናን። ስለዚህ የእነሱ የእመቤታችን ጾም ኦገስት 1 ገብቶ 15 ላይ ይፈታል። የኛ ነሐሴ 1 በእነሱ ኦገስት 7 ላይ ይውላል፤ የምንፈታው 22 ነው። ጻድቅ ሰው ሁለቱንም ይጾማል። እኔ መሀላቸው ያለውን ሽንቁር አየሁ።

ኦገስት 2 አከራዬ ምስር ሲያቀርቡልኝ «የኛ ገና አልገባም፤ ከ7 እስከ 21 ነው» ብዬ በጣቴ ቆጥሬ አስረዳኋቸው። ከዚያ ካማሬስ ወደብ ወርጄ ሱቭላኪ የሚሉትን የሥጋ ጥብስ በላሁ። 7 ሲደርስ ደግሞ በወደቡ ገመድ ላይ እንደ ቋንጣ የተሰጣ ኦክቶፐስ አየሁ። ግሪኮች ደም የለውም ብለው በጾም ይበሉታል። እንግዳ የባለቤቱን ሥርዓት ማክበር አለበት ብዬ በላሁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ ስምንት እግር ያለውን ሳኝክ ግን ተረቱ እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም።

15 ደረሰ። ከቅዳሴ መልስ ግቢው ውስጥ፣ ከወይኑ ዳስ ስር፣ የበግ ጥብስ ተዘረጋ። እጄን ስሰድ አከራዬ ሳህኑን ሳብ አደረጉት። ልክ እኔ እንዳደረግሁት በጣታቸው ቆጠሩ። «ልጄ፣ ያንተ ገና ሰባት ቀን ይቀረዋል አይደል?»

ወደ ጓዳ ገብተው የሸክላ ድስት ይዘው ወጡ። ሬቪትያዳ ነው፤ የሲፍኖስ ሰው ቅዳሜ ማታ በእንጨት ምድጃ ውስጥ አሳድሮ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የሚበላው ሽምብራ። ክዳኑ ሲነሳ ሽንኩርቱ ሟሙቶ ጠፍቷል፣ ሽምብራው በጣት ሳይነኩት የሚፈርስ ይመስላል፣ የወይራ ዘይቱ ላይ አንዲት የሎሬል ቅጠል ተንሳፍፋለች። ለእኔ ብለው፣ ለእኔ ብቻ፣ ሌሊቱን አሳድረውታል። ፊታቸው ላይ ፌዝ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ሴትየዋ እኔ የቀለድኩበትን ጾም አምነውልኝ ነበር። ሎሚ ጨምቄ አንገቴን ደፍቼ በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ ይህም አናደደኝ።

በማግስቱ ወደብ ወረድኩ። ሱቭላኪ ሻጩ ገና ሲያየኝ ጣቱን ወዘወዘ፤ «ያንተ እስከ 21 ነው!» ለካ ጠዋት ጠዋት ባርኔጣቸውን ደፍተው እስከ አንገታቸው ባሕር ውስጥ ቆመው የሚያወሩት አሮጊቶች ጉዳዬን ጨርሰውታል። ኦክቶፐስ ቤቱም ሰምቷል፤ «እናንተ ይህንንም አትበሉም አሉ» ብሎ ሳህኑን ከፊቴ አነሳው። ትንሽ ደሴት ላይ መደበቂያ የለም። ሰባት ቀን ሽምብራ፣ ምስርና ቲማቲም በላሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ በጥብቅ ጾሜ አላውቅም፤ ጠባቂዎቼም ሁሉ ግሪኮች ነበሩ።

22 ቀን እናቴ ደወለች። «ጾምክ?»

«ጾምኩ፣ እማዬ።»

«ሙሉውን?»

ውጭ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር። «አይሰማኝም» አልኳት፤ «እዚህ ንፋሱ በርትቷል።»