ዶሮ ለማርባት ለተነሡ ወገኖች የቀረበ ምክር

እንቁላል ሲወደድ የሰው ዓይን ወደ ጓሮው ያማትራል። በማርች 2025 (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ የአንድ ደርዘን እንቁላል አማካይ ዋጋ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ገባ። ያን ሰሞን በካሊፎርኒያ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ቡና በተፈላበት ቤት አንድ ሰው ስኒውን አስቀምጦ «እኔ እኮ ዶሮ መሀል ነው ያደግሁት» ማለቱ አልቀረም። ይህ ቃል ከእርስዎም አፍ ወጥቶ ከሆነ ምክሩ ለእርስዎ ነው። ተረጋግተው ያንብቡ፤ ጫጩት የሚሸጠው ሱቅ የትም አይሄድም።

ከሁሉ በፊት ሒሳብ አይሥሩ። ሒሳብ የሠራ ሰው ዶሮ አርብቶ አያውቅም። በማርች የተገዛች ጫጩት አድጋ፣ ቄብ ሆና፣ የመጀመሪያ እንቁላሏን የምትጥለው ከአምስት ወር ገደማ በኋላ፣ በኦገስት ነው። በኦገስት 2025 ደግሞ የሱቁ ደርዘን ከ4 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። በመሀል የዶሮ ቤት ሠርተዋል፣ ሽቦ ገዝተዋል፣ መኖ ተሸክመዋል፣ ለጫጩቶቹ ማሞቂያ ቀንና ሌሊት አብርተው የመብራት ከፍለዋል። ይህን ሁሉ ደምሮ ለአንዲት እንቁላል ማካፈል ለጤና ጥሩ አይደለም። ይልቅ እንቁላሏን መዳፍዎ ላይ አድርገው ፎቶ ያንሡና አገር ቤት ላሉት እናትዎ ይላኩ። «ስንት ወጣባት?» ብለው የጠየቁ እንደሆነ ያን ጊዜ ኔትወርኩ ይቆራረጥ።

ቀጥሎ ሕጉን ይወቁ። አገር ቤት ዶሮ ለማርባት የሚያስፈልገው ዶሮ ብቻ ነበር። ሳን ሆዜ ያለ ፈቃድ እስከ 6 ዶሮ ትፈቅዳለች፤ ዕድሜው ከ4 ወር ያለፈ አውራ ዶሮ ግን አትፈቅድም። ኦክላንድ አውራ ዶሮ የሚባል ነገር ጭራሽ ማየት አትፈልግም፤ እናት ዶሮዎቹንም ከመኖሪያ ቤት 20 ጫማ አርቁልኝ ትላለች። 20 ጫማ ስድስት ሜትር ነው። ጓሮዎ አምስት ሜትር ከሆነ ዶሮዋ ወደ ጎረቤት መጠጋት ሊኖርባት ነው፤ ጎረቤትም ቤት አለው። ጉዳዩን በሜትር ሳይሆን በጸሎት ይያዙት። ደግሞ ሕጉን በዝና ማለፍ አይቻልም። ኖቬላ ካርፔንተር ኦክላንድ ውስጥ ባዶ ቦታ ላይ ከዶሮ እስከ ዐሣማ አርብታ፣ በ2009 «ፋርም ሲቲ» የሚል መጽሐፍ አሳትማ ስሟ የገነነ ሴት ናት። በ2011 ከተማው ፈቃድ ያስፈልግሻል አላት።

ሱቁ «ሁሉም ሴቶች ናቸው» ብሎ ከሸጠልዎ ጫጩቶች መካከል አንዷ በአራተኛው ወር ገደማ አንገቷን አስግጋ፣ ዓይኗን ጨፍና መጮኽ ትጀምራለች። ያን ጊዜ «አንዷ» ሳትሆን «አንዱ» እንደነበር ይገባዎታል። ሳን ሆዜም የአራት ወሩን ዕድሜ በዕጣ እንዳልመረጠችው ይረዳሉ። አገር ቤት አውራ ዶሮ የሰፈር ሰዓት ነው፤ የፋሲካው ጾም እንኳ የሚፈታው ዶሮ ሲጮህ ነው። እዚህ የሚጮኸው ስልክ ነው። ጎረቤት በጠዋት ሲመጣ «የስልኬ ደወል ነው» የሚለው መልስ ሁለት ቀን ይሠራል። በሦስተኛው ቀን ከከተማ ወጣ ብሎ እርሻ ያለው ሰው ይፈልጉለት።

ሦስተኛው ምክር ስለ ሌሊት ነው። አገር ቤት የዶሮ ሌባ ሸለምጥማጥ ነበር። እዚህ ሥራውን የያዘው ራኩን ነው፤ ጥቁር ጭንብል አጥልቆ የሚመጣ፣ ሙያውን የማይደብቅ ሌባ። የፊት እግሩን እንደ እጅ ስለሚያዝዘው ተራውን መቀርቀሪያ ከፍቶ ይገባል። አርቢዎች የሚመሩበት ደንብ አጭር ነው፦ የሦስት ዓመት ልጅ የሚከፍተውን መዝጊያ ራኩንም ይከፍተዋል። «የዶሮ ሽቦ» የሚባለውን ደግሞ በስሙ ተታለው አይግዙ። እሱ ዶሮዋ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ ሌባው እንዳይገባ አይከለክልም፤ ራኩን ይቀድደዋል፣ ካልቀደደውም በቀዳዳው እጁን ሰድዶ ዶሮዋን ቆጥ ላይ እንዳለች ይጎትታታል። የሚያዋጣው ሃርድዌር ክሎዝ የሚባለው፣ ቀዳዳው ግማሽ ኢንች የሆነ ጠንካራ ሽቦ ነው። ቆፍሮ የሚገባም አለና 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ይቅበሩት። ሥራውን ሲጨርሱ ከግቢዎ ውስጥ በደንብ የሚዘጋው ቤት የዶሮዎቹ ይሆናል። የኦክላንድን የመኪና መስታወት ዕጣ ፈንታ የሚያውቅ ሰው መኪናውንም እዚያ ቢያሳድር ደስ ይለዋል።

ራኩኑን በወጥመድ ከያዙት ገና አይደሰቱ። የካሊፎርኒያ ሕግ የተያዘን አውሬ ያለ ፈቃድ ወስዶ ሌላ ቦታ መልቀቅን ይከለክላል። በውድቅት ሌሊት በቤይ ብሪጅ አሻግሬ ሳን ፍራንሲስኮ ልልቀቀው የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ፣ ሐሳቡ የሚያጽናና ቢሆንም ወንጀል ነው። ሳን ፍራንሲስኮም የራሷ ሞልቷታል። አውሬን በፍቅር ልግዛው ማለትም አይሆንም። ሐረር ላይ ሰው ሥጋ በአፉ ይዞ ጅብ ያበላል፣ ቱሪስትም ከፍሎ ያያል፤ እዚህ ለአጋዘን አንድ ፖም ቢሰጡ ሕግ ጥሰዋል። እንግዳ ተቀባይነትዎን ለሰው ያስቀምጡ።

አጥር ላይ ትልቅ አይጥ የመሰለ፣ ጅራቱ የተላጠ፣ ጥርሱን የሚያሳይ ፍጡር ካዩ አይጩኹ። ኦፖሰም ይባላል። እንቁላልና ጫጩት ካገኘ አይምርም፤ ከሰው ጋር ግን ጠብ የለውም። ወደ ካሊፎርኒያ የገባው በ1910 ገደማ ሰዎች ሳን ሆዜ አምጥተውት ነው፤ ወረቀቱን ከእኛ ቀድሞ ጨርሷል። ሲደነግጥ ምላሱን አውጥቶ እንደሞተ ይጋደማል። ለቀብር አይቸኩሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ተነሥቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

ቀን ደግሞ ጭልፊት አለ። ድንጋይ የሚያነሣውን እጅዎን ይያዙት፤ ጭልፊት በፌዴራል ሕግ የምትጠበቅ ወፍ ናት። መፍትሔው በዶሮዎቹ መዋያ ላይ መረብ መዘርጋት ነው። ሳን ሆዜ የሚኖሩ አንባቢ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ልክሰሳት ካሉ አስቀድመው ቀና ይበሉ፦ በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ላይ ለብዙ ዓመታት ፔሪግሪን የሚባሉት ጭልፊቶች ጎጆ ሠርተው ሲፈለፍሉ ኖረዋል። ዳኛው የተከሳሽ ዘመድ ነው። ኦክላንድም ከዚህ አትሻልም። መሀል ከተማ ዛፍ ሥር ያቆሙት መኪና በኩስ ነጥቶ ካገኙት አይሳደቡ፤ ሥራው የናይት ሄሮን ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ የከተማዋ ይፋዊ ወፍ ነው። በባለሥልጣን ላይ አፍ አይከፈትም።

የዱር ተርኪ ካጋጠመዎ ታሪክ ይማሩ። በ2020 ጄራልድ የተባለ አንድ ተርኪ ኦክላንድ የሚገኘውን የሞርኮም ጽጌረዳ መናፈሻ ይዞ ሰው አላስደርስ አለ። መናፈሻው እስኪዘጋ ደረሰ። በኦክቶበር ተይዞ ከተራራው ወዲያ ወደ ኦሪንዳ አካባቢ ተወሰደ። ስንት ሰው የቤት ኪራይ ተወድዶበት ከኦክላንድ ሲወጣ ዜና አልሆነም፤ ጄራልድ ግን መጓጓዣ ተመድቦለት ሄደ።

ስለ ውሻ ትንሽ እንበል። አገር ቤት ቡቺ ግቢ ያድራል። እዚህ ቡቺ አልጋ ላይ ያድራል፤ ግቢ የሚያድሩት የሚገማ ነገር የሚረጩት ስካንኮች ናቸው። ሁለቱ የሚገናኙት ቡቺ ከመኝታ በፊት ለሽንት ሲወጣ ነው። ከተገናኙ በኋላ የቲማቲም ጭማቂ አይድፉበት፤ ቲማቲሙ ያልቃል፣ ሽታው ይቀራል። ፍቱኑ መድኃኒት ፖል ክሬባም የተባለ ኬሚስት በ1993 ያስተዋወቀው ነው፦ አንድ ሊትር ገደማ ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ ሩብ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ዓይኑን ጠብቀው ያሹት፣ አምስት ደቂቃ ቆይተው ያለቅልቁት። የተረፈውን ግን «ለሌላ ቀን ይሆናል» ብለው በጠርሙስ ከድነው አያስቀምጡ፤ ጋዝ እየፈጠረ ጠርሙሱን ያፈነዳል። ዕጣን የሚጨሰው ከታጠበ በኋላ ነው። አስቀድመው ካጨሱ ዕጣንና ስካንክ ተጋብተው ሦስተኛ ሽታ ይወልዳሉ። ቀበሮ ከሚመስለው ካዮቲ ጋር ከተገናኙ ደግሞ ጅብ ባለበት ማደግዎን ያስታውሱ፦ አይሩጡ፣ ትንሹን ውሻ ያንሡ፣ እጅዎን ዘርግተው ጮኸው ይቆጡት። አማርኛ ይገባዋል።

መኖውን አይቆጥቡ። ትራፊ ሲጥሉላቸው የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ አይጨምሩ፤ ለዶሮ መርዝ ነው። ስለ በርበሬ ግን አያስቡ፤ ወፍ የሚያቃጥለውን ነገር ምላሷ አይለየውም፣ እርስዎን ያስነጠሰዎትን አዋዜ እሷ እንደ ጥሬ ትለቅመዋለች። አገር ቤት የሚፈራው ፈንግል ነበር፤ እዚህ የወፍ ጉንፋን ተጨምሮበታል። የካሊፎርኒያ ገዥ በዲሴምበር 2024 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጁለት በሽታ ነው። ስለዚህ የዱር ወፍ ከመኖው ጋር አይገናኝ። ከ1870 ጀምሮ የአእዋፍ መጠጊያ በሆነው በሜሪት ሐይቅ ዳር በዝዬዎች ኩስ ላይ ሲንሸራሸሩ ከዋሉ፣ በዚያው ጫማ የዶሮ ቤት አይግቡ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ደረስን፤ እሱም የቀን መቁጠሪያ ነው። አዲስ አበባ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ የአያትዎ ዶሮ ፀሐይን ቆጥራ አታውቅም። የኦክላንድ ዶሮ ግን ትቆጥራለች። በደንብ ለመጣል 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች፤ በዲሴምበር የምታገኘው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። እንግዲህ ይመልከቱ። ለዕንቁጣጣሽና ለመስቀል እንቁላል ሲፈልጉ ላባዋን እያረገፈች ነው፤ ላባ ስትቀይር አትጥልም። ለገና ሲፈልጉ ጨለማ ነው ብላ ቆጥ ላይ ተቀምጣለች። የነቢያትን ጾም አብራዎት የጾመች ይመስላል፤ ሆኖም እርስዎ ከፈሰኩ በኋላም አትፈታም። ከዚያ ቀኑ መርዘም ይጀምራል፣ ሁዳዴ ይገባል፣ እሷም ለ55 ቀን ያለማቋረጥ ትጥላለች። ፍሪጁ ይሞላል፤ ሽሮዎን እየበሉ ይቆጥሩታል።

መብራት ሰክቶ ክረምቱን በጋ ማድረግ ይቻላል፤ ሁዳዴን ግን የሚያሳጥር አምፑል የለም። ስለዚህ እንቁላሉን ያድሉ። ጎረቤትዎ ሜክሲካዊም ይሁን ቬትናማዊ በሁዳዴ ግድ የለውም። ግማሽ ደርዘን ይዘው በሩን ያንኳኩ። ስድስት ዓመት «ሃይ» ብቻ ሲልዎት የኖረ ሰው ስሙን ይነግርዎታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሎሚ ወይም ታማሌ ይዞ ይመጣል። ታማሌው ሥጋ ካለበት አመስግነው ለልጆቹ ያቆዩት። ስለ አውራ ዶሮውም ሆነ ስለ ስድስቱ ሜትር ዳግመኛ ቃል አይተነፍስም። ዶሮ የሚያተርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ሒሳብ አይሥሩ ያልነውም ለዚህ ነው፣ ጎረቤት በደርዘን አይተመንም።

በመጨረሻ፣ ስም እንዳይወጣላት የቻሉትን ያድርጉ። አይሳካልዎትም። ልጅዎ ከትምህርት ቤት መጥታ «ኩኪ» ትላታለች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያቺ ዶሮ የምትታረድ ዶሮ አይደለችም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የጓሮ ዶሮ የሚያረባ ሰው ዶሮውን እንዳይስም በይፋ አስጠንቅቋል፤ ሳልሞኔላ ታጋባለች። ማስጠንቀቂያውን አንብበው «ማን ዶሮ ይስማል?» ብለው ይሥቁ። በስድስተኛው ወር ድጋሚ ያንብቡት። ዶሮ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ እንቁላል እየቀነሰች ትሄዳለች፣ ዕድሜዋ ግን ስምንት ዓመትም ሊደርስ ይችላል። የቀረው ጊዜ ጡረታ ነው፤ የጡረታ አበሏን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

ለፋሲካ የሚሆነውን ዶሮ ከሱቅ ይግዙ፤ ጠንከር ያለች አሮጊት ዶሮ ይምረጡ፣ ስሟን አይጠይቁ። አሥራ ሁለቱን እንቁላል ኩኪና ጓደኞቿ አዋጥተዋል። ወጡን መስኮት ዘግተው ይሥሩ፤ ትራፊውንም ወደ ጓሮ አይጣሉት፣ በርበሬው ስለማያቃጥላት ደስ ብሏት ትበላዋለች፣ እርስዎም ያን አይተው እንቅልፍ አይወስድዎትም። ምናልባት ልጅዎ ኩኪን አቅፋ ወጥ ቤት ገብታ ድስቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ብትል፣ ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው፦ ሽሮ ነው።