ፋዘር፣ ፓምፑ ነው!

መኪናዬ ማቃሰት የጀመረችው ሌላ ቦታ ሞልቶ ዱባይ ተራ መሀል ነው። ከኋላዬ አይሱዙ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ከፊቴ ቁመቱን የሚያህል ማዳበሪያ የተሸከመ ወዛደር "ዞር በል!" ይለኛል፤ ዞር ልል መሪውን እስከ ጥግ ጠመዘዝኩት። "እምምም..." አለች፣ ምጥ እንደያዛት ላም።

ምርመራው ወዲያው ተጀመረ። የፓርኪንግ ልጁ "ፋዘር፣ የመሪ ፓምፕ ነው፤ ሄዷል!" አለኝ። ካልሲ የሚያዞረውም አረጋገጠ። ከየት እንደበቀለ የማላውቀው ደላላ ደግሞ "ሶማሌ ተራ ኦሪጅናል አለ፣ ከዱባይ የገባ" ብሎ መስኮቴን ያዘ። ዱባይ ተራ ቆሜ የዱባይ ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ!

ጋራዥ ብወስዳትም ያው ነው። መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት "ጋሼ፣ ፓምፑ ይቀየር" አለ።

መቼም በ1990ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሰራች ኮሮላ የሚነዳ ሰው ወዶ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ሰማይ ሰቀለው፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። ጎረቤቴ ኤሌክትሪክ ገዝቷል፤ የሱ መሪ በሞተር ኃይል የሚሽከረከር ፓምፕ የለውም፣ ጠዋት ሹልክ ብሎ ይወጣል። እኔ ስወጣ ሰፈሩ ይነቃል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ለፓምፑ የከፈልኩትንም አልናገርም፤ ባለቤቴ ይህን ታነባለች።

ተቀየረ። በሦስተኛው ቀን ማቃሰቱ ተመለሰ።

ያኔ ነው በንዴት የመሪውን ዘይት ጣሳ ራሴ የከፈትኩት። ልክ እንደ ማኪያቶ አረፋ ሰርቷል። አረፋ ማለት አየር ነው፤ ፓምፑ ዘይት ይጠጣል ሲባል አየር እየጠጣ ነበር። ይህን ለማየት ፒንሳም አያስፈልግም፣ ክዳን ማዞር ብቻ ነው። ከአራቱ "ሐኪሞች" ክዳኑን የነካ አልነበረም።

ድምፅ እኮ ይለያያል። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ሲጥ ብሎ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ የላላ ቺንጋ ነው፤ ትንሽ ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት ድምፁ ከተለወጠ ፓምፑን አትክሰሱት። መሪው ጥግ ሲደርስ የሚሰማው ፍሽታ ጤነኛ መኪና ላይም አለ፣ ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ነው (ጥግ ላይ ይዞ መቆየት ግን ፓምፑን በገዛ እጅ ማቃጠል ነው)። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር አብሮ ከፍ የሚለው ማቃሰት ነው መጀመሪያ ዘይቱን እዩት የሚያሰኘው። ደግሞ የድሮ ቶዮታ የሚጠጣው ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። የኔዋ ጣሳ ውስጥ የነበረው ቡናማ ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቀው የቀዳው ሰው ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ሞተሩን አስነሱ፣ ጎንበስ ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸው ረዘመብኝ። ከዚያ ከጣሳው ወደ ፓምፑ የሚወርደውን ቱቦ በሁለት ጣት ጨመቅ ሲያደርጉት ድምፁ ተለወጠ። ጎማው ጫፉ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። "ለምን አልፈሰሰም?" ብላቸው "ልጄ፣ ይሄ የሚስበው ወገን ነው፤ ወደ ውጭ አያፈስም፣ ወደ ውስጥ አየር ይምጋል" አሉኝ። የተሰነጠቀውን ጫፍ በጣት ስፋት ቆረጡና በአዲስ ማሰሪያ አጠበቁት፣ ዘይቱን ቀየሩ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስተው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ እያልኩ እንዳዞር አዘዙኝ። አረፋው ብቅ ብቅ እያለ አለቀ። ሞተሩ ሲነሳ ጸጥ።

ሂሳብ ሲጠሩ ከአፌ ምን ወጣ? "እንዴ አባባ፣ ምንም ሳይቀይሩ?" ለብረት ያለ ክርክር ከፍዬ ለጆሮ ልከራከር! ሳይሰሙ "ይቀየር" የሚሉትን መካኒኮች ማን እንደፈጠራቸው ያኔ ገባኝ፣ አፍሬ ከፈልኩ።

አሮጌው ፓምፕ፣ ያ ምንም ያልሆነው፣ ልሽጠው እያልኩ እስካሁን የኋላ ሻንጣ ውስጥ ነው። በየጉድጓዱ ኳ ኳ ይላል። ትናንት ዱባይ ተራ ስገባ ያ የፓርኪንግ ልጅ ከሩቅ ሰምቶኝ እየሮጠ መጣ።

"ፋዘር፣ ሾክ አብዞርበር ነው፤ ሄዷል!"