ለፋሲል ግቢ 45 ደቂቃ

የእህቴ ልጅ የቤተሰቡን የጎንደር ጉዞ በሰንጠረዥ አስቀምጦ ዋትስአፕ ላይ ለቀቀው። ከቤን ጉሪዮን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከዚያ ሆቴል፣ ከሆቴል ምሳ፤ ሁሉም በየሣጥኑ፣ በየቀለሙ ተደርድሯል። እጁ ይባረክ። እኔን እንቅልፍ የነሳችኝ አንዲት ቢጫ ሣጥን ናት፦ «ፋሲል ግቢ፣ 45 ደቂቃ»።

45 ደቂቃ እኮ እኛ እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ውስጥ ቡና ለመጠጣት ተጠራርተን አቦሉ ሳይቀዳ የሚያልፍ ጊዜ ነው! እስቲ እናስላው። የግቢው አጥር 900 ሜትር፣ በሮቹ 12 ናቸው። ዋና ዋናዎቹን ግንቦች ስድስት ብንላቸው ለእያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። ለአፄ ፋሲል ግንብ ሰባት ደቂቃ ተኩል! እናቴ ደረጃው ሥር ቆመው ጉልበታቸውን ሲያማርሩ ያልቃል። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1941 ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ ስላገኘው ጣሪያ የለውም፤ ቀና ብሎ ሰማይ አይቶ መውጣት ይቻል ይሆናል። የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትስ? የዳዊት የዘፈን ቤትስ? የበካፋ የግብር አዳራሽስ? እቴጌ ምንትዋብን በሰባት ደቂቃ ተኩል እጅ ነስቶ ውልቅ ማለት ነውር ነው። የአንበሶቹ ቤት ከነጭራሹ ሰንጠረዡ ውስጥ የለም። ፎቶ የሚባል ነገር አለ፤ አንዷ ዓይኗን ጨፍናለች፣ አንዱ ከጀርባ ቀርቷል፣ እንደገና! እናቴ ደግሞ እምቢልታ በር የቱ ነው፣ ራስ በር የቱ ነው፣ ባልደራስ በር የቱ ነው ሳይሉ አይንቀሳቀሱም።

ከሣጥኗ ጎን «መግቢያ 3:00» ይላል። የማን ሦስት ሰዓት? እናቴ በማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ናቸው፤ ልጁ የጻፈው ግን ከሰዓት በኋላውን ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ እናቱን የሚያስጠብቅ ቤተሰብ ሊባል ነው! ብጠይቀው «ጋሼ፣ ስልኩ ራሱ ያስተካክለዋል» አለኝ። ስልኩ እናቴን አያውቃቸውም።

ቀጥሎ ቲኬት መጣ። ልጁ አልሃምብራን አይቷል፤ እዚያ ወደ ናስሪዶቹ ቤተ መንግሥት የሚገባው ቲኬቱ ላይ በታተመው ሰዓት ነው፣ የዘገየ ይቀራል። ቬርሳይም ሰዓት አስመርጦ ይሸጣል። ስለዚህ «ካርቲሱን ከወዲሁ በኢንተርኔት እንያዝ» ብሎ ጻፈ። የጎንደሩ በር ላይ እንደሚቆረጥ፣ የአገር ሰውና የውጭ ዜጋ ዋጋም ለየቅል እንደሆነ ስነግረው «እኛ የትኛው ነን?» አለ። ቡድኑ ጸጥ አለ። ሁላችንም የያዝነው ዳርኮን፣ የእስራኤል ፓስፖርት ነው። እናቴ በድምፅ መለሱ፦ «እዚያው ጎንደር አጠገብ፣ ወለቃ የተወለድኩት ሴትዮ ናት የውጭ ዜጋ?»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ግንቡ በተነሣ ቁጥር ፖርቱጋል ይጠቀሳል፣ ሕንድ ይጠቀሳል፣ ቱርክ ይጠቀሳል። ከነገሥታቱ «አዝማች» እና «በጅሮንድ» እየተባሉ የተሾሙት የእኛ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች የሚነሡት ጊዜ ከተረፈ ነው፤ በ45 ደቂቃ ደግሞ ምን ይተርፋል! ድንጋይ ሲጠርብ ኖሮ እንደ አብዛኛው ወገኑ ርስት የተነፈገ፣ ብረት ስለቀጠቀጠ ቡዳ የተባለ ሰው የልጅ ልጅ አያቱ ያቆመውን ግድግዳ በፈረንጅ ዋጋ ሊያይ ነው። ለዚህ የሚሆን መስኮት የትኛው ነው? በየትኛው ሰልፍ ነው የምንቆመው?

ደግሞ ቁጣዬ ሲበርድልኝ፣ ገንዘቡ ቤት አያፈርስም አልኩ። ማን ያውቃል፣ ቲኬት ቆራጩ የእናቴን አማርኛ ሲሰማ «እማማ፣ ይግቡ» ይል ይሆናል። ቲኬትማ ድሮም አልሆነልንም፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲነሣ ማን ቲኬት ቆረጠ? በአንዱ ጃምቦ አውሮፕላን ብቻ ከሺህ በላይ ሰው ተጭኖ የወንበር ቁጥር የጠየቀ የለም። አሁን አንድ ቤተሰብ ቀን መቁረጥ አቃተን። ነሐሴ ሆፌሽ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው፣ ጎንደር ግን ዝናብ ነው። ኅዳር ሰማዩ ይጠራል፣ የስግድ በዓላችን ግን ኢየሩሳሌም ይጠራናል። ጥር የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ይሞላል፣ ልጆቹ ግን ትምህርት ላይ ናቸው። ሚያዝያ ፔሳህ፣ የቂጣ በዓል ነው፤ የእናቴን ቂጣ ማን ተሸክሞ ይዞራል? መንገዱስ ሰላም ነው ወይ? ይህን ሰንጠረዡ አይመልስም።

ልጁ ተሸንፎ ቢጫዋን ሣጥን ወደ 60 ደቂቃ አሳደጋት። ልመልስለት ስል እናቴ ቀደሙኝ፦ «ለዘመድ የአፉላ የሱፍ ፍሬ ሳንይዝ ባዶ እጃችንን ልንሄድ ነው?» እህቴ «ለጎንደር ሰው ሱፍ ይወሰዳል እንዴ!» ብትል ጉድ ፈላ። የአፉላው ትልልቅ ነው፣ የጎንደሩ ይጣፍጣል፣ ሻንጣ ስንት ኪሎ ይፈቅዳል ሲባል አመሸን። ለጊዜው ክርክሩ ጨው ያለበት ይሁን የሌለበት በሚለው ላይ ነው።