ጦም ላደረ መሬት ደመወዝ

ሞኝ ገበሬ ሲያርስ ይውላል፤ ብልህ ገበሬ ግን አውሮፓ ውስጥ ይወለዳል።

ጥበቡ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ያኔ ስድስት ብቻ የነበሩት የአውሮፓ ማኅበር አገሮች የጋራ የግብርና ፖሊሲ አወጡ። ገበሬው ገዢ አጣሁ ብሎ አይጨነቅም ነበር፤ የተረፈውን ከዓለም ገበያ በላቀ ዋጋ መንግሥት ያነሣለት ነበር። እንግዲህ ሰው ምን ይበላል ብሎ መጠየቅ ምን ያደርጋል? መንግሥት የሚገዛውን ማምረት ነው።

ገበሬው ታዛዥ ነውና አመረተ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በየማቀዝቀዣው የተከማቸው ቅቤ ብቻ ከ1 ሚሊዮን ቶን አለፈ። ሕዝቡም «የቅቤ ተራራ»፣ «የወይን ጠጅ ሐይቅ» የሚል ስም አወጣ። ፈጣሪ የረሳውን ተራራና ሐይቅ ሚኒስትሮች በስብሰባ ሲያሟሉ መቼም ያኮራል።

ግብር ከፋዩም አልተረሳም። ቅቤው እንዲመረት ከፈለ፤ እንዲቀመጥ ከፈለ፤ ውጭ አገር በርካሽ እንዲሸጥም የዋጋውን ልዩነት ከፈለ። እ.ኤ.አ. በ1973 200,000 ቶን ቅቤ ለሶቪየት ኅብረት በርካሽ ተቸበቸበ። ኮሚኒዝምን ማውገዝ ሌላ፣ የሞስኮን ዳቦ ቅቤ መቀባት ሌላ! በድጎማ የረከሰውን ምርት መወዳደር ያቃተው አፍሪካዊ ገበሬ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ፈረንሳይ አትወለድ ያለው ማን ነው?

በ1977 ዓ.ም. ወገኖቻችን ወሎና ትግራይ ላይ በረሃብ ሲረግፉ የአውሮፓ ጎተራ ጢም ብሎ ነበር። እርዳታ አልመጣም አይባልም፤ መጥቷል። ተራራው ግን በዚያ አልተናደም።

በመጨረሻ ሊቃውንቱ መላ መቱ፦ ማምረት ችግር ካመጣ፣ ላለማምረት ለምን አይከፈልም? እ.ኤ.አ. በ1988 መሬቱን በፈቃዱ ጦም ላሳደረ ገበሬ ክፍያ ተቆረጠለት። እ.ኤ.አ. በ1992ቱ ማሻሻያ ደግሞ ሰፊ እርሻ ያላቸው እህል አምራቾች ድጎማ ለማግኘት 15 በመቶ መሬታቸውን ጦም እንዲያሳድሩ ተገደዱ። እኛ አገር መሬቱ ጦም ያደረበትን ገበሬ ጎረቤት ሰነፍ ይለዋል፤ እዚያ ቼክ ይላክለት ነበር።

ክፍያው በሄክታር ነውና ርኅራኄውም በሄክታር ሆነ። ከገንዘቡ 80 በመቶ ያህሉ 20 በመቶ ለሚሆኑት ተቀባዮች ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ አገር የተደጓሚዎች ስም ይፋ ሲሆን ንግሥት ኤልሳቤጥም ከመካከላቸው ተገኙ። ድሀ ገበሬን ለመታደግ የወጣ ፖሊሲ አንዲት ባለ ዘውድ አርሶ አደርን ከችግር ካወጣ፣ ተመስገን ነው።

ጦም የማሳደሩ ግዴታ እ.ኤ.አ. በ2008 ቀርቷል። ክፍያው ግን የት ይሄዳል? ዛሬም ከአውሮፓ ኅብረት በጀት ሲሶ ገደማው ለዚሁ ፖሊሲ ይውላል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ «ለድሀው ገበሬ» የተባለ ድጎማ በሰማህ ቁጥር አንድ ነገር ጠይቅ፦ የሚሰፈረው በችግር ነው ወይስ በሄክታር?