ግራን ሳሶ ሥር

ኒውትሪኖ የሚባለው ቅንጣት ይህን በምታነቡበት ቅጽበት እልፍ አእላፍ ሆኖ በሰውነታችሁ ውስጥ እያለፈ ነው። ኤቶሬ ማዮራና የተባለ የሲሲሊ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1937 ኒውትሪኖ ራሱ የራሱ ጸረ-ቅንጣት ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። በዓመቱ ከፓሌርሞ ወደ ናፖሊ መርከብ እንደተሳፈረ ደብዛው ጠፋ። የጻፈው ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

መልሱ ከሚፈለግባቸው ቦታዎች አንዱ ጣሊያን ውስጥ ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ነው። ከሮም ወደ ቴራሞ የሚወስደው አውራ ጎዳና ተራራውን 10 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ቤተ ሙከራው ከዋሻው ጎን ተፈልፍሏል። ስንት ዘመን ስለ እሱ ሳነብ የኖርኩትን ስፍራ ልጎበኝ ቀጠሮ ይዤ፣ ሮም የከረመው ታላቅ ወንድሜ በመኪናው ወሰደኝ። ዋሻው መሐል ስንደርስ ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱ ተዘጋ። የቀጠሮው ሰዓት እዚያው አለፈ። አንጀቴ አረረ።

«ለመሆኑ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ምን ይሠራላቸዋል?» አለኝ ጋሼ ሞተሩን አጥፍቶ።

«ጸጥታ ነው የሚፈልጉት» አልኩት። ከጠፈር የሚዘንበውን ጨረር 1,400 ሜትር ዐለት ይከለክልላቸዋል። ቴሉሪየም 130 የሚባለው አቶም አልፎ አልፎ ሁለት ኒውትሮኖቹ ባንዴ ፕሮቶን ይሆኑና ሁለት ኤሌክትሮንና ሁለት ጸረ-ኒውትሪኖ ይወጣሉ። ማዮራና ልክ ከሆነ ግን አንዳንዴ ኤሌክትሮኖቹ ጉልበቱን ሁሉ ይዘው ብቻቸውን መውጣት አለባቸው። ያ አንዴ እንኳ ከታየ፣ ቁስ ያለ ጸረ-ቁስ ሊፈጠር ይችላል ማለት ነው። በዓለም መጀመሪያ ሁለቱ ተጠፋፍተው ባዶ መቅረት ሲገባው እኛ እንዴት ተረፍን ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ፍንጭ አላውቅም።

ብርቅነቱ ግን አይጣል ነው። እዚያው ተራራ ሥር ይህንኑ ፍርሰት በጀርማኒየም 76 የተከታተለው ጌርዳ የተባለው ሙከራ በ2020 ያሳወቀው ውጤት፣ የዚህ ፍርሰት ግማሽ ዕድሜ ከዓለም ዕድሜ ቢያንስ 10 ሺህ ትሪሊዮን ጊዜ ይበልጣል የሚል ነው። አንድ አቶም ይዞ መጠበቅ አይታሰብም። ስለዚህ ኩኦሬ የተባለው ሙከራ 988 የቴሉሪየም ክሪስታሎች ደርድሮ ከፍጹም ዜሮ አንድ መቶኛ ዲግሪ ብቻ ከፍ ባለ ብርድ ያኖራቸዋል። አንዲት አቶም ስትፈርስ ክሪስታሏ በጥቂቱ ትሞቃለች፤ ያቺን ሙቀት ነው የሚለኩት።

ጋሼን የያዘው ግን የእርሳሱ ነገር ነበር። ጨረር የሚከለክለው እርሳስ ራሱ ጨረር ያወጣል፤ በውስጡ ያለው እርሳስ 210 በየ22 ዓመቱ ነው በግማሽ የሚቀንሰው። ስለዚህ ከሰርዲኒያ ባሕር፣ ከ2,000 ዓመት በፊት ከሰጠመ የሮማውያን መርከብ የወጣ እርሳስ አምጥተው ክሪስታሎቹን ከለሉበት። ከማቅለጣቸው በፊት የጥንቱ ባለ እጅ ያተመበትን ጽሑፍ ቆርጠው ለሙዚየም አስቀሩ። ይህን ሳነብ ለሥራቸው ያለኝ ክብር እጥፍ ሆነ።

«እስካሁንስ አገኙት?»

«አላገኙትም። ግን ባላገኙ ቁጥር የት እንደሌለ ያውቃሉ፤ ቀጣዩን ሙከራ በዚያ ልክ ያሰፉታል።»

መንገዱ ሲከፈት በቴራሞ በኩል ወጣን። መኪናውን ዳር አቁሞ ስልኬን ተቀበለኝና የጉብኝቱን ገጽ ማየት ጀመረ።

«ለሁለት ሰው አስመዝግብ» አለኝ። «በሌሊት ነው የምንነሣው።»