ጃንጥላዬ ገባ፣ ዕጣዋ ቀረ

እኔ ስለት ስሳል ቀልድ አላውቅም። ጥቅምት 19፣ በይምርሐነ ክርስቶስ በዓል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ዋሻ አፍ ቆሜ «የልጄ ዕጣ ከወጣ ጃንጥላ አገባለሁ» አልሁ። ጃንጥላ ስል የዝናቡን አይደለም፤ ጥልፍ ያለውን፣ ዘርፉ የሚወዛወዘውን ነው።

ልጄ አዲስ አበባ ነው ያለችው። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዘገበች፤ 20/80 ለሚሉት። «ሒሳቡ ምንድን ነው?» ብላት፣ «ሃያውን እኔ ቆጥቤ እከፍላለሁ አባዬ፣ ሰማንያውን ባንክ ያበድረኛል» አለችኝ። ደግ ነው። ያን ጊዜ አዝላው የተመዘገበችው ልጅ ዛሬ ጢም ማውጣት ጀምሯል፤ የእሷ ዕጣ ግን አልወጣም።

እስኪወጣ ጀሞ ተከራይታ ትኖራለች። የማንን ቤት? ዕጣ የደረሰውን ሰው ኮንዶሚኒየም! ባለዕጣው ሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው። ያልወጣላት ለወጣለት በየወሩ ትከፍላለች። እኛ አገር ይህን የሰማ ሰው አማትቦ ያልፋል።

«ቤቴ ስቱዲዮ ነው» ስትለኝ ፎቶ ልነሣ መስሎኝ ጋቢዬን አሳጥቤ ሄድሁ። ለካ አልጋውም ምድጃውም እንግዳውም ባንድ ክፍል የሚያድሩበት ኖሯል። ያውም አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው! ለፋሲካ የገዛነው በግ እንደኔ የደጋ ልጅ ነውና ደረጃውን ቀድሞኝ ወጣ። ላብ በላብ ሆኜ ስደርስ «ማረጃው ታች፣ ከጋራው ቤት ነው» ተባልሁ። በጉ ግን አልወርድም አለ። እውነቱን ልናገር፣ ከሁላችንም ቤቱን የወደደው እሱ ነው።

ፎቅ ብርቄ እንዳይመስላችሁ። የላስታ ክብ የድንጋይ ቤት ድሮም ፎቅ ነው፤ ከብት ከታች፣ ሰው ከላይ። ከታች ያለችው ላሜ «ልጅ ሮጠብኝ» ብላ ኮርኒስ በመጥረጊያ አትደበድብም። ግድግዳውንማ ተዉት። ጋቢዬን ልሰቅል አንድ ሚስማር ብመታ ልስኑ እጄ ላይ ወረደ። ንጉሡ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከላሊበላ በፊት፣ ዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ ያነጹት ቤት ግን ይኸው እንደቆመ ነው።

ወደ ስለቴ ልመለስ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,491 ቤት ዕጣ ወጣ። ስልኬ ጮኸ፤ «አባዬ፣ ወጣልን!» በዓሉን እንኳ አልጠበቅሁም። ማግሥቱ ቅዳሜ ነበርና ላሊበላ ገበያ ገስግሼ፣ ጃንጥላውን ገዝቼ፣ እልል አስብዬ አስገባሁ። የምርቃቱ አሜን ከአፌ ሳይጠፋ ዕጣው ተሰረዘ ተባለ። ዕጣ በሚያወጣው ማሽን ውስጥ የማይገባቸው ሰዎች ስም ገብቶ ተገኘ አሉ። ኅዳር 2015 እንደገና ሲወጣ፣ ለሴቶች ከተለየው 30 በመቶም፣ ከቀረውም የልጄ ስም የለም።

ሮጬ ከነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። «አባ፣ ዕጣው ከተሰረዘ ስለቱም ይሰረዝልኝ እንጂ!»

«ልጄ» አሉኝ፣ ሰባ ዓመት ያለፈኝን ሰውዬ፣ «እዚህ ቤት የገባ አይወጣም።»

እኔስ ምን አልሁ? የልጄ ስምም ማሽን ውስጥ ገብቶ አልወጣም!

አሁን በበዓል ጃንጥላዬ ሲዘረጋ፣ ሕዝቡ ታቦቱን ሲሳለም፣ እኔ ዘርፉን እቆጥራለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዘንድሮ ግን ነቃሁ። እንደ አገሩ ሕግ ተሳልሁ፦ መቶ ጧፍ፣ በ20/80። ሃያውን አስገብቻለሁ። ሰማንያው ቁልፉ እጇ ሲገባ።